የሌሊት ወፍ ደም ውስጥ ምን አለ? በሽታስ ታመጣብናለች? ከአርብ ገበያ ገደል እስከ ሊቦ ከምከም

 

አርብ ገበያ ላይ የአርቡ ገበያ ተበትኖ፣ ሰዉ አህያውን እየነዳ ወደየቀየው ሲመለስና ጀንበር ስታዘቀዝቅ ቀና ብላችሁ እዩ። ከገደሉ ስንጥቅ፣ ከአሮጌ ቤት ጣሪያ ሥር፣ ከዛፉ ሽንቁር ትንንሽ ጥቁር ነገሮች እየተወረወሩ ይወጣሉ። የሌሊት ወፎች ናቸው። ታች ጋይንት፣ ስማዳ ወይም እስቴ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቃቸዋል።

ከኮሮና ወዲህ ግን ስማቸው ክፉኛ ጠፍቷል። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በጂንካ የማርበርግ ቫይረስ መገኘቱ በይፋ ሲነገር ደግሞ ወሬው ባሰ። «ዋሻውን በጭስ ማፈን ነው»፣ «አቃጥሎ መገላገል ነው» የሚል ሰው አይጠፋም።

እኛ ዛሬ የምናወራችሁ ብዙም ስላልተወራለት ነገር ነው፤ በሌሊት ወፎች ደምና ሰውነት ውስጥ ስለሚኖሩ ጥገኛ ተሕዋስያን (ፓራሳይቶች)። በአገራችን ተጠንቶ የተገኘ ነገር አለ። ደቡብ ጎንደርም በዚሁ ጉዳይ የራሷ መራራ ታሪክ አላት። እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ምክንያቱም ነገሩ ዞሮ ዞሮ የሌሊት ወፍ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ሰሊጥ አጨዳ ሄዶ የተመለሰ ወንድማችሁ ጉዳይም ነው።

🔹 ለመሆኑ የሌሊት ወፍ ማን ናት?

በተረታችን ወፎች ግብር ሲጠይቋት «እኔ አይጥ ነኝ» ትላለች፤ አይጦች ሲጠይቋት «እኔ ወፍ ነኝ» ትላለች። እውነቱ ግን ወፍም አይጥም አይደለችም። ወልዳ የምታጠባ፣ በራሷ ክንፍ መብረር የምትችል ብቸኛዋ አጥቢ እንስሳ ናት። በዓለም ላይ ከ1,400 በላይ ዝርያዎች አሉ፤ በኢትዮጵያ ብቻ ከ70 በላይ ይገኛሉ።

አብዛኞቹ ነፍሳት በል ናቸው። የወባ ትንኝን ጨምሮ ትንኝ፣ የእሳት እራት፣ ጥንዚዛ እየለቀሙ ያድራሉ። ሌሎቹ ፍራፍሬ ይበላሉ፤ የሾላና የዋርካ ፍሬ በልተው ዘሩን ሩቅ ቦታ ይጥላሉ። ደም የሚመጡ የሌሊት ወፎች አሉ ቢባልም የሚገኙት በላቲን አሜሪካ ብቻ ነው። አገራችን ላይ የሉም። ስለዚህ «ማታ መጥታ ደም ትመጣለች» የሚለውን እርሱት።

የሌሊት ወፍ በትንሽ ቦታ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች ተጠጋግታ ትኖራለች። ከአካሏ መጠን አንጻር ዕድሜዋ ረጅም ነው። ሩቅ ትበራለች። ተሕዋስያን አንዷን ከያዙ ወደ ሌላዋ ለመሻገር የሚመቻቸውም ለዚህ ነው።

🔹 «የደም ጥገኛ» ሲባል ምን ማለት ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደባልቃል። ማርበርግም ኮሮናም ቫይረስ ናቸው። የደም ጥገኛ ተሕዋስያን የሚባሉት ግን ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ናቸው፤ በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። በጣም የምናውቀው የወባ ተሕዋስ ነው። ከብቶቻችንን የሚያከሳው የገንዲ በሽታ አምጪ ትሪፓኖሶማም ከዚህ ወገን ነው። ካላዛርንና ቁንጭርን የሚያመጣው ሌሽማኒያ ደግሞ የትሪፓኖሶማ የቅርብ ዘመድ ነው።

በቫይረሱና በእነዚህ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት መንገዱ ነው። ማርበርግ በንክኪ፣ በሰውነት ፈሳሽ ይተላለፋል። የደም ጥገኞቹ ግን በአብዛኛው ድልድይ ይፈልጋሉ፤ ማለትም ከአንዱ ደም ቀድቶ ለሌላው የሚሰጥ ነፍሳት። ለወባ ድልድዩ ትንኝ ነው። ለሌሽማኒያ የአሸዋ ዝንብ ናት። ድልድዩ ከሌለ ተሕዋሱ የሌሊት ወፏ ውስጥ ቢርመሰመስ እንኳ እናንተ ጋ አይደርስም።

ይህን ነገር ያዙት። የቀረው ጽሑፍ ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው።

🔹 የሌሊት ወፍም ወባ አላት እንዴ?

አላት! በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ፣ የሰው ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ ገና ሲታወቅ፣ ጣሊያን ውስጥ በሌሊት ወፎች ደም ውስጥ ወባ መሰል ተሕዋስያን ተገኝተው ነበር። ከዚያ ወዲህ በአፍሪካም ብዙ ዓይነት ተገኝቷል። በ2013 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የምዕራብ አፍሪካ ጥናት የሌሊት ወፎች በርካታ የወባ ዘመድ ተሕዋስያን እንደሚሸከሙ፣ አንዳንዶቹም የአይጥ ወባ ከሚባለው ጋር በጣም እንደሚቀራረቡ አሳይቷል።

ታዲያ ይህ ወባ እኛን ይይዘናል? አይይዘንም። ከእነዚህ ተሕዋስያን አንዱ ፖሊክሮሞፊለስ ይባላል፤ ከወፏ ወደ ወፏ የሚያሻግሩት በፀጉሯ ውስጥ የሚኖሩ፣ ክንፍ የሌላቸው፣ ሸረሪት የሚመስሉ ዝንቦች ናቸው። እነዚህ ዝንቦች ሰው ላይ አይኖሩም። ድልድዩ እዚያው ዋሻው ውስጥ ይጀምራል፣ እዚያው ያልቃል።

ግን ደግሞ «በፍጹም አይሻገርም» ብሎ መማል አይቻልም። ዛሬ በአፍሪካ ብዙ ሰው የሚገድለው የወባ ተሕዋስ፣ ፋልሲፓረም የሚባለው፣ ድሮ ከጎሪላ ወደ ሰው የተሻገረ መሆኑ በ2010 (እ.ኤ.አ.) በታተመ የዘረመል ጥናት ታውቋል። በላቲን አሜሪካ ቻጋስ የተባለውን በሽታ የሚያመጣው ትሪፓኖሶማ ክሩዚም ቅድመ አያቶቹ የሌሊት ወፍ ተሕዋስያን ሳይሆኑ አይቀሩም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። መሻገር ያጋጥማል፤ ግን በየቀኑ የሚሆን ነገር አይደለም። ሳይንቲስቶች የሌሊት ወፍ ደም የሚመረምሩትም ቀድሞ ለማወቅ ነው።

🔹 ኢትዮጵያ ውስጥ ምን ተገኘ?

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። አይሸሽም ካሳሁን የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ2015 (እ.ኤ.አ.) አክታ ትሮፒካ በተባለ የሳይንስ መጽሔት አንድ ጥናት አሳተሙ። ከተለያዩ የኢትዮጵያ አካባቢዎች 163 የሌሊት ወፎች ተይዘው ነበር፤ 23 ዝርያዎች ናቸው። የተመረመረው ጣፊያቸው ነው፤ ምክንያቱም ሌሽማኒያ ጣፊያ ውስጥ መደበቅ ይወዳል። ምርመራው በፒሲአር ነበር፤ በኮሮና ጊዜ የሰማችሁት ዓይነት፣ የተሕዋሱን ዲኤንኤ የሚያነፈንፍ።

ውጤቱ ይኸው፦

👉 ከ163ቱ ውስጥ 8ቱ ላይ (4.9 በመቶ) የሌሽማኒያ ዲኤንኤ ተገኘ።
👉 አራቱ የተያዙት በሽታው ከሚታወቅባቸው ከአባ ሮባና ከአዋሽ መተሐራ አካባቢ ነው።
👉 አራቱ ደግሞ በሽታው ከማይታወቅባቸው ከመቱ፣ ከበደሌና ከማሻ።
👉 ዓይነቱ በትክክል የተለየው የሁለቱ ብቻ ነው፤ አንዷ ላይ ሌሽማኒያ ትሮፒካ፣ ሌላዋ ላይ ሌሽማኒያ ሜጀር።

በእስያ፣ በአውሮፓና በአፍሪካ የሚገኘው የሌሽማኒያ ወገን በተፈጥሮ የሌሊት ወፍን መያዙ ሲረጋገጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በፊት ይወራ የነበረው የአሜሪካው ብቻ ነው። ተመራማሪዎቹም የሌሊት ወፎች የሌሽማኒያ ተሸካሚ ሊሆኑ እንደሚችሉ መታሰብ አለበት ብለው ደመደሙ።

እንግዲህ አስተውሉ። ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ላይ ካላዛርን የሚያመጣው ሌሽማኒያ ዶኖቫኒ ነው። በደጋው አገር ቁንጭርን የሚያመጣው በዋናነት ሌሽማኒያ ኤቲዮፒካ ነው። በሁለቱ የሌሊት ወፎች ላይ ተለይተው የተረጋገጡት ግን ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱም አይደሉም። ዝርያቸው ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ተሕዋሱ የተገኘባቸው ስምንቱ የሌሊት ወፎችም ከጋይንት የተያዙ አልነበሩም።

🔹 «ተገኘባት» ማለት «ታስተላልፋለች» ማለት ነው?

አይደለም። አንድ እንስሳ የበሽታ ማከማቻ ነው ለማለት ቢያንስ አራት ጥያቄ መመለስ አለበት፦

1. ተሕዋሱ በእንስሳው ውስጥ አለ? (ለሌሊት ወፍ፦ አዎ፣ በጥቂቶቹ።)
2. በሕይወት አለ ወይስ የዲኤንኤ ቅሪቱ ብቻ ነው? ዲኤንኤ የሞተ ተሕዋስም ትቶት ይሄዳል።
3. የአሸዋ ዝንቧ ያንን እንስሳ ትነክሳለች? ከነከሰችስ በሽታውን ለመቅዳት የሚበቃ ተሕዋስ ታገኛለች?
4. በእንስሳው ላይ ያለው ተሕዋስ በአካባቢው ሰው ላይ ካለው ጋር አንድ ነው?

የአገራችንን ሽኮኮ እንውሰድ። ከባሽሎ ማዶ፣ ደቡብ ወሎ ኩታበር ላይ፣ በደቡብ ደግሞ ኦቾሎ ላይ፣ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎች ገደል ለገደል ዞረው አጥንተዋል። ሽኮኮ ላይ ተሕዋሱን አገኙ፤ ሽኮኮው በሚኖርበት ዋሻና ስንጥቅ ውስጥ የአሸዋ ዝንቧን አገኙ፤ በአጠገቡ በሚኖረው ሰው ፊት ላይ ቁንጭሩን አገኙ። ሰንሰለቱ ተያያዘ። ለዚህ ነው ሽኮኮ የቁንጭር ማከማቻ ነው ተብሎ በድፍረት የሚነገረው።

የሌሊት ወፍ ጉዳይ ገና የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ነው። ፍርድ ቤት ብትቀርብ «ተጠርጣሪ» እንጂ «ጥፋተኛ» አትባልም። ሆኖም ከሽኮኮውና ከዝንቧ ጋር አንድ ገደል የምትጋራ ጎረቤት ስለሆነች ጥርጣሬው መሠረት አለው።

የሌሊት ወፍ ተጠርጣሪ ብቻ ከሆነች፣ ታዲያ በዞናችን ያን ሁሉ ሰው የገደለው ምን ነበር? እሱን ለማወቅ ወደ ሊቦ ከምከም እንሂድ።

🔹 ሊቦ ከምከም፦ «ወባ ነው» የተባለው ሞት

ሊቦ ከምከም እዚሁ ደቡብ ጎንደር ነው፤ ዋና ከተማው አዲስ ዘመን። በ1995 እና በ1997 ዓ.ም. መካከል በወረዳው ቀበሌዎች ሰው በትኩሳት እየማቀቀ፣ እየከሳ፣ ሆዱ እያበጠ ይሞት ጀመር። መጀመሪያ የተጠረጠረው ወባ ነው። የወባ መድኃኒት ተሰጠ፣ አልሠራም። «መድኃኒት የተላመደ ወባ» ነው ተባለ። ሰዉ ግን መሞቱን ቀጠለ።

ነገሩ ካላዛር መሆኑ የታወቀው ግንቦት 1997 ዓ.ም. (2005 እ.ኤ.አ.) ነው። ካላዛር እስከዚያ ድረስ የቆላ፣ የመተማና የሑመራ በሽታ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ደጋ ላይ ያለ ጤና ባለሙያ እሱን አስቦ አይመረምርም። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት አዲስ ዘመን ላይ የሕክምና ማዕከል ከፈተ። እስከ 2000 ዓ.ም. መግቢያ ድረስ ከ2,000 በላይ ሕሙማን እዚያ ታከሙ። በሽታው ወደ ፎገራም ተስፋፋ፣ ከወረርሽኝነት አልፎም የአካባቢው ነባር በሽታ ሆኖ ቀረ።

ለእናንተ ለወጣቶች የሚሆን ቁጥር እንስጣችሁ። ከታካሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ዕድሜያቸው 18 ወይም ከዚያ በታች ነበር። ከአራቱ ሦስቱ ወንዶች ናቸው። ሕክምና ካገኙት ውስጥ የሞቱት 3.6 በመቶ ብቻ ናቸው። ካላዛር ካልታከመ ደግሞ ከመቶ ሰው ከ95 በላዩን ይገድላል! በመዳንና በመሞት መካከል ያለው ልዩነት የበሽታውን ስም በጊዜ ማወቅ ነበር።

ታዲያ በሽታው ወደ ደጋው እንዴት ወጣ? በስፋት የሚታመነው ማብራሪያ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማና ሑመራ ወርደው የተመለሱ የቀን ሠራተኞች በደማቸው ይዘውት መጡ የሚል ነው። የአሸዋ ዝንቧ ፎገራና ሊቦ ላይ ከድሮም ነበረች፤ የጎደላት ተሕዋሱ ብቻ ነበር። ሰው አመጣላት። ድልድዩ ተዘርግቶ ጠበቀ፣ መንገደኛው ደረሰ። በሰሜን ምዕራብ ካላዛር ላይ እስካሁን በግልጽ የታወቀው ዋና ተሸካሚም ሰው ራሱ ነው።

በኋላ የተደረገ ጥናት ማን በበለጠ እንደተያዘም አሳይቷል። ቀን ቀን ከግራር ሥር የሚተኙና ማታ ማታ ከቤት ውጭ የሚያድሩ ሰዎች በብዙ እጥፍ ይበልጥ ለአደጋው የተጋለጡ ነበሩ። ከብት ጠባቂው፣ ማሳ የሚያድረው፣ ጎልማሳው ማለት ነው።

🔹 የአሸዋ ዝንብን ታውቋታላችሁ?

ብዙ ሰው አያውቃትም፤ ምክንያቱም ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት። እንደ ትንኝ ጆሮ ላይ አታንቧርቅም፤ ድምፅ የላትም። ሩቅ መብረር አትችልም፣ እየዘለለች ነው የምትሄደው። የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። የቆላዋ ዝርያ ዋልካ መሬት ሲደርቅ በሚሰነጠቀው ስንጥቅና በግራር ጫካ ውስጥ ትኖራለች። የደጋዋ ደግሞ ዋሻ፣ የድንጋይ ካብና ገደል ትወዳለች።

ስሟ «የአሸዋ ዝንብ» ስለተባለ ከአሸዋ ብቻ የምትነሳ እንዳይመስላችሁ። ስያሜው ትንሽ ያሳስታል።

🔹 ጋይንት ላይ በቅርብ የሚታየው ምንድን ነው?

ሁለት ነገር ለዩ።

አንደኛው ቁንጭር ነው። ጋይንት ራሱ ቁንጭር ከሚታይባቸው የደጋ አካባቢዎች አንዱ ነው። ፊት ላይ፣ አፍንጫ ላይ፣ ጆሮ ላይ፣ እጅ ላይ እብጠት ሆኖ ይጀምርና ቀስ እያለ ይቆስላል። ብዙ ጊዜ አያምም፤ ለዚያ ነው ሰው ችላ የሚለው። አይገድልም፤ ግን ጠባሳው ዕድሜ ልክ ይኖራል። አንዳንዱ ላይ አፍንጫና ከንፈር ይበላል። በፊቷ ጠባሳ የተነሳ ከሰው የምትሸሽ ልጅ ምን እንደሚሰማት አስቡት።

ሁለተኛው ካላዛር ነው። ይህ ቆዳ ላይ አይታይም፤ ውስጥ ገብቶ ጣፊያን፣ ጉበትንና መቅኔን ያጠቃል። ከጋይንትና ከስማዳ ለአጨዳ ወደ መተማ፣ ሑመራና አርማጭሆ የሚወርድ ወጣት ብዙ ነው። ሜዳ ላይ ያድራል፣ አጎበር የለውም፣ በደንብ አይበላም። ሲመለስ ምልክቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ ከወራት በኋላ ሊጀምረው ይችላል። ያኔ «መተማ ሄጄ ነበር» ብሎ ለሐኪሙ ካልነገረ፣ ሐኪሙም ካልጠየቀ፣ የሊቦ ከምከም ስህተት ይደገማል።

የካላዛር ምልክቶች፦

👉 ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ፣ በወባ መድኃኒት ያልተመለሰ ትኩሳት
👉 በፍጥነት መክሳትና ድካም
👉 በግራ በኩል ከጎድን አጥንት በታች የሚዳሰስ ያበጠ ጣፊያ፣ የሆድ መወጠር
👉 የደም ማነስ፣ የአፍንጫ መድማት

ምርመራው ቀላል ነው። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚሰጥ ፈጣን ምርመራ አለ። ሕክምናውም አለ፤ በምሥራቅ አፍሪካ ለዓመታት የተለመደው ሁለት መድኃኒት ተጣምሮ ለ17 ቀናት የሚወሰድ መርፌ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሌሽማኒያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለው። ለቁንጭር ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም ይታወቃል። መጀመሪያ ግን በአቅራቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ከዚያ ወደሚመለከተው ይልካችኋል።

ኤችአይቪ በደሙ ያለ ሰው ላይ ካላዛር ይበረታል፤ ታክሞ ከዳነ በኋላም ሊመለስበት ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም አብሮ መመርመር ተገቢ ነው።

🔹 «ቢሆንም የሌሊት ወፎቹን ብንገድላቸውስ?»

የተሞከረ ነገር ስለሆነ ውጤቱን እንንገራችሁ።

ዩጋንዳ ውስጥ ኪታካ የምትባል የማዕድን ማውጫ አለች። በ2007 (እ.ኤ.አ.) ማዕድን ቆፋሪዎች በማርበርግ ተያዙ። ቫይረሱን ይዘው የተገኙት ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፎች ነበሩ። በ2008 ዋሻው ውስጥ ያሉት የሌሊት ወፎች በሙሉ እንዲጠፉ ተደረገ። ተገላገልን ተባለ።

በ2012 እዚያው አካባቢ፣ ኢባንዳ ላይ፣ በዩጋንዳ እስከዚያ ጊዜ ያልታየ ትልቅ የማርበርግ ወረርሽኝ ተነሳ። ተመራማሪዎች ወደ ዋሻው ሲመለሱ የሌሊት ወፎች ተመልሰው ገብተዋል። ከመገደላቸው በፊት ቫይረሱ የነበረባቸው 5.1 በመቶዎቹ ነበሩ፤ አሁን 13.3 በመቶ ሆኗል። ከእጥፍ በላይ ጨመረ! አሮጌዎቹ ሲያልቁ ከሌላ ቦታ አዲሶች፣ በሽታውን ገና ያላዩ መጡ፤ ቫይረሱም በእነሱ ላይ እንደ ልቡ ተሠራጨ።

ማርበርግ ቫይረስ እንጂ የደም ጥገኛ አይደለም፤ ትምህርቱ ግን ለሁለቱም ይሠራል። ዋሻ ማቃጠል በሽታ አያጠፋም። የሚገድለው ሰውም በደማቸውና በፈሳሻቸው ራሱን ያጋልጣል። ትንኝና የእሳት እራት የሚለቅምልን ሠራተኛም ያልቃል።

የጂንካው ወረርሽኝም የቆመው ዋሻ በማቃጠል አይደለም። የታመመውን በመለየት፣ ንክኪ ያለውን በመከታተል፣ በማከም ነው። ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ማብቃቱ ታወጀ።

🔹 እሺ፣ ምን እናድርግ?

ከሌሊት ወፍ ጋር፦
👉 በባዶ እጅ አትንኩ፣ የሞተችም ብትሆን። ለልጆችም ንገሯቸው።
👉 ብዙ የሌሊት ወፍ ያለበት ዋሻ ውስጥ ለቲክቶክ ቪዲዮ ብላችሁ አትግቡ። የኩሳቸው አቧራ ራሱ ሳንባ ያሳምማል።
👉 ወፍ የቀማመሰው ፍሬ አትብሉ።
👉 ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና ወዲያው ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሊያስፈልግ ይችላል።
👉 ቤታችሁ ጣሪያ ውስጥ ካለች፣ ማታ ወጥታ ሳለ ቀዳዳውን ድፈኑ። ግልገል ካላት ግን እስክትበርር ጠብቁ።

ከአሸዋ ዝንብ ጋር፦
👉 ማታ ውጭ ማደር ግድ ከሆነ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ያዙ። አጨዳ የምትሄዱ፣ ከማጭዱ ጋር አጎበሩን ጠቅልሉ።
👉 ከግራር ሥር፣ ከተሰነጠቀ ዋልካ አጠገብ አትተኙ።
👉 ምሽት ላይ እጅጌና እግር የሚሸፍን ልብስ ልበሱ።

ከጤና ጣቢያ ጋር፦
👉 ትኩሳቱ በወባ መድኃኒት ካልተመለሰ «ካላዛር ይመርመርልኝ» በሉ። መጠየቅ ነውር አይደለም።
👉 የት እንደሠራችሁ፣ የት እንዳደራችሁ ሳትደብቁ ንገሩ።
👉 ጸበሉንም ተጠመቁ፣ ሕክምናውንም አታቋርጡ። ቁንጭርን በጋለ ብረት ማስተኮስ ግን ጠባሳውን ያብሳል እንጂ አያድንም።

🔹 ለማጠቃለል

የሌሊት ወፍ በሰውነቷ ውስጥ ብዙ ተሕዋስ ትሸከማለች። ኢትዮጵያ ውስጥም ሌሽማኒያ ተገኝቶባታል። ይህ እውነት ነው፤ መከታተልም ያስፈልገዋል። ከሊቦ ከምከም የተማርነው ግን የሚገድለን የበሽታው በገደል ውስጥ መኖር ብቻ እንዳልሆነ ነው። ስሙን አለማወቃችን፣ ዘግይተን መሄዳችን፣ መደበቃችንም ይገድለናል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለዚህ ነው።

ነገ ማታ አርብ ገበያ ላይ የሌሊት ወፎቹ ሲወጡ ስታዩ አትደንግጡ፤ ትንኝ ሊለቅሙልን ነው የሚወጡት። ይልቅ ከአጨዳ የተመለሰው ወንድማችሁ ትኩሳቱ ስንተኛ ሳምንቱ እንደሆነ ጠይቁት። ሁለት ሳምንት ካለፈው ዛሬውኑ አብራችሁት ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ዘንድሮ ለአጨዳ ለሚወርድ ጓደኛ ያላችሁ፣ ይህን ጽሑፍ ላኩለት። ሰላም ሁኑ!